እርሻው ለሚኒስቴር፣ ደኑ ለዘበኛ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው ጭሰኝነትን ማስቀረቱ ነው። አዋጁ ግን ያን ያህል ያልተወራላቸው ሌሎች ሁለት ውሳኔዎችም ነበሩት። ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች በመንግሥት ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲካሄዱ ፈቀደ፤ በቀበሌው ያለውን አፈር፣ ውሃና ደን የመጠበቅን ኃላፊነት ደግሞ ለገበሬው ማኅበር ሰጠ። የኋላው የደንና የእርሻ አስተዳደር ታሪክ ከሞላ ጎደል የነዚህ ሁለት ውሳኔዎች ታሪክ ነው።

ደንን በሕግ የማስተዳደር ሐሳብ በደርግ አልተጀመረም። በ1957 ዓ.ም. የመንግሥትን፣ የግልንና የጥበቃ ደኖችን የሚመለከቱ ሦስት አዋጆች ወጥተው ነበር። ማስፈጸሚያ ደንቦቹ ግን እስከ 1960 ዓ.ም. ዘገዩ፤ በዚህ መካከል ባለርስቱ ደኑን መንጥሮ ከማሳረስ የሚያግደው ብዙ አልነበረም።

ከአዋጅ 31 በኋላ እርሻው በፍጥነት ባለቤት አገኘ። ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ይመራው የነበረውን የተንዳሆን የጥጥ ልማት ጨምሮ፣ የአዋሽ ሸለቆ ሰፋፊ እርሻዎች ወደ መንግሥት ዞሩ። የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን ያሰማራበት የነበረው የወንዝ ዳር ግጦሽ ለጥጥ የተወሰደው ግን በንጉሡ ዘመን ነበርና፣ የባለቤት መለወጥ ለእሱ ግጦሹን አልመለሰለትም። በአርሲና በባሌም ትራክተር የሚያርሳቸው የስንዴ እርሻዎች ተስፋፉ። በ1970ዎቹ መግቢያ ለመንግሥት እርሻዎች ልማት ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቋመ።

በጀቱም ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ለአገሪቱ ከተመደበው ማዳበሪያ 76 በመቶው፣ ከምርጥ ዘሩ 95 በመቶው፣ ከእርሻ ብድሩም 81 በመቶው ለመንግሥት እርሻዎች ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1987 እርሻዎቹ ያስገኙት ከጠቅላላው የግብርና ምርት 6 በመቶ ያህል ነበር። የከተማው ቀለብ በብዛት ከነሱ ይመጣ ስለነበር አገዛዙ ኪሳራውን በድጎማ እየሸፈነ ያዛቸው። ዕቅዱን የሚያወጣው፣ ሥራውን የሚመራውና ውጤቱን የሚገመግመው ያው ሚኒስቴር በመሆኑ፣ ጥፋትን ከውጭ ሆኖ የሚጠይቅ አካል አልነበረም።

የደኑ መንገድ ሌላ ሆነ። በ1972 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 192 የደንና የዱር አራዊት ጥበቃና ልማት ባለሥልጣንን አቆመ፤ ታላላቆቹ ደኖችም በመንግሥት እጅ ገቡ። ለገበሬው ማኅበር በ1967 የተሰጠው ኃላፊነት በተግባር ወደ ዘበኛ ዞረ። ማኅበሩ በዘመቻ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ችግኝ ይተክላል፤ የተከለውን ለመቁረጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ዛፉ ሲደርስ የማን እንደሚሆን በግልጽ የነገረው አልነበረም።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ደርግ ሲወድቅ ውጤቱ ታየ። በብዙ ወረዳዎች ሕዝቡ ራሱ የተከለው የማኅበር ደን ሳይቀር ተጨፈጨፈ። ድርጊቱን የሥርዓት አልበኝነት ብቻ አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ገበሬው ዛፉን የቆረጠው የመንግሥት ንብረት አድርጎ ስለቆጠረው መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ደኑን በፌዴራሉ መንግሥት፣ በክልሎችና በግል ባለይዞታዎች መካከል ከፋፈለው። ጉልህ ለውጥ የታየው ግን ከዚያ በኋላ፣ በባሌ ተራሮች ግርጌ በአዳባና ዶዶላ ነው። እዚያ የደን ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራረሙ። በደኑ ውስጥ መኖርና ከብት ማሰማራት ተፈቀደላቸው፤ በምትኩ ኪራይ ሊከፍሉ፣ የዛፉ ሽፋንም እንዳይቀንስ ሊጠብቁ ተስማሙ። ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ያህል ደን ታስቦ፣ ከዚያ በላይ አባል እንዳይጨመር ተደረገ። የመንግሥት ባለሙያ ሽፋኑን ይለካ ነበር፤ ውሉ ከፈረሰ ይዞታው ይነሣ ነበር።

በዚህ አሠራር መንግሥት ደኑን መቆጣጠሩን አልተወም። ዘበኝነቱን ለነዋሪው ትቶ መርማሪነቱን ለራሱ አስቀረ፤ በ1967 ዓ.ም. ለገበሬው ማኅበር የተሰጠው ኃላፊነትም በዚያ ስፍራ ከጥቅም ጋር ተያይዞ መጣ። የመንግሥት እርሻዎቹ በዘመናቸው ሁሉ ያጡት ይኸንኑ፣ ሠሪና መርማሪ የተለያዩበትን አሠራር ነበር።