የመንዝ ጋንና የውሃ ንጽሕና

በመንዝ ደጋ፣ በዘመሮም አካባቢ፣ የቧንቧ ነገር ከመታወቁ አስቀድሞ ለቤቱ ሁሉ የሚበቃውን ውሃ ማጥራት የእናቶች ግብር ነበረ፤ ይህ ድካማቸው እንደ ነገሥታቱ ገድል በመጽሐፍ ሳይዘከር መቅረቱም እጅግ ያሳዝነኛል። በክረምት ወራት ጅረቱ ደፍርሶ ጭቃ ሲያወርድ፣ በእንስራ ታዝሎ የመጣው ውሃ በጋኑ አፍ ላይ በተዘረጋ ንጹሕ ነጠላ እየተጠለለ ይገለበጥና፣ ደለሉ እስኪዘቅጥ ድረስ ማንም ሳይነካው ያድራል፤ በማግሥቱም ከላይ የጠራው በቅል ቀስ ተብሎ ይጨለፋል፣ ከሥር የቀረውም ይደፋል። ዕቃውም አስቀድሞ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ መዓዛን ይሰጣል እንጂ በውሃው ያለውን በዓይን የማይታይ በሽታ አምጪ ተሐዋሲ አያጠፋም፤ ይህን የሚፈጽመው በእሳት ማፍላት ነውና።

ወደ ቧንቧው ነገር ስንመለስ፣ በ1880ዎቹ ዓመታት ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ባስገባ ጊዜ፣ ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሁሉ ተደነቀ።

ነገር ግን በቧንቧ የመጣ ውሃ ሁሉ ለስላሳ አይደለም። ጠንካራ የሚባለው፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ሳሙናን አረፋ ይነሳዋል፤ በተፈላም ጊዜ በማንቆርቆሪያው ሆድ ነጭ ቅርፊት ይጥላል። ማፍላት የዚህን ጥንካሬ ከፊሉን ብቻ ሲያስወግድ፣ የዛሬው የቤት ማለስለሻ ግን ሬዚን በሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎች ካልሲየሙን ይዞ በምትኩ ሶዲየምን ይለቃል፤ እንክብሎቹም ሲጠግቡ በጨው ውሃ ታጥበው ይታደሳሉ።