በእግር የተጻፈ መብት፦ የእንግሊዝ ገጠር መንገዶች ታሪክ


በእንግሊዝ የኮትስዎልድስ ሸለቆዎች በእግር የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚረግጠው የግል መሬት ነው። ሆኖም መንገዱ የሕዝብ በመሆኑ ባለመሬቱ ሊያስቆመው አይችልም። ይህ መብት ከየት መጣ?

ምንጩ በአብዛኛው የመንግሥት ችሮታ ሳይሆን ልማድ ነው። ገበሬው ወደ ገበያ፣ ምእመኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ ያወጣው ዱካ በጊዜ ብዛት ሕጋዊ መብት ሆነ። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ፓርላማው የጋራ መሬቶች በአጥር እንዲከለሉ ሲፈቅድ ብዙ መንገዶች ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ1815 የወጣው ሕግም ሁለት የአካባቢ ዳኞች «አላስፈላጊ» ያሉትን መንገድ እንዲዘጉ ሥልጣን ሰጠ።

በ1932 የወጣው ሕግ ሚዛኑን መለሰ፤ ሕዝብ ለ20 ዓመት ሳይከለከል የተመላለሰበት መንገድ፣ ባለመሬቱ ተቃራኒ ማስረጃ ካላቀረበ፣ የሕዝብ እንደሆነ እንዲቆጠር ደነገገ። የ1949ኙ ሕግ ደግሞ የአውራጃ ምክር ቤቶች መንገዶቹን በካርታ እንዲመዘግቡ አዘዘ። የፈረስ መንገድ ተብሎ የተመዘገበው ለእግረኛም ለፈረሰኛም፣ ከ1968 ወዲህም ለብስክሌተኛ ክፍት ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፍ ልማድን መዘገበ እንጂ አልፈጠረም። ካርታ ላይ ያልሰፈረ መንገድ ግን የቆየ ሰነድ ወይም የተመላለሱበትን ሰዎች ምስክርነት ይሻል። ሰነዱ ከጠፋ፣ ምስክሮቹም ካለፉ፣ መብቱን ማስረዳት አዳጋች ይሆናል። የታሪክ ባለሙያው ሥራ በፍርድ ሸንጎ ፊት የሚመዝነው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።