ቅርስን ከባለቤቱ ጋር መጠበቅ፤ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ሥራና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊነት

ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ወይም ግንብ እንዲጠገን ርዳታ ሲገኝ በቅድሚያ ትኩረት የሚሰጠው ለገንዘቡ መጠን ነው። ይሁንና ካለፉት ዓመታት ልምድ እንደሚታየው የጥገናን ዕድሜ የሚወስነው ከገንዘቡ ይልቅ ቅርሱን በየዕለቱ የሚጠብቀው ኅብረተሰብ በሥራው ያለው ድርሻ ነው። ጉዳዩ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ እንደምትገኘው የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ሳንጃ ባሉ የወረዳ ከተሞች የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞችን በቀጥታ የሚመለከት ነው።

የጎንደር ቅርሶችና ጠባቂዎቻቸው

የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ምዝገባው በ900 ሜትር አጥር ከተከለለው ቤተ መንግሥት በተጨማሪ የአፄ ፋሲል መዋኛን፣ ቁስቋምን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን እንዲሁም ከከተማው ውጭ የሚገኙትን የጎርጎራና የጉዛራ ቅርሶች ያካትታል።

ከእነዚህ አብዛኞቹ ዛሬም አገልግሎት የሚሰጡ ናቸው። መዋኛው በየዓመቱ ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በሚሳብ ውኃ ይሞላል። የጥምቀት በዓልም በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አብዛኞቹ ቢወድሙም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተርፏል። ነዋሪው ወራሪዎቹን የመለሳቸው የንብ መንጋ እንደሆነ ሲተርክ ኖሯል።

በጥገና የሚደርስ ጉዳት

የጎንደር ዘመን ግንቦች የተገነቡት በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራ እርጥበትን የሚያስወጣ ሲሆን፣ ሲሚንቶ ግን ውኃውን በግድግዳው ውስጥ ስለሚያስቀር ድንጋዩ እየተፈረፈረ እንዲሄድ ያደርጋል። በመሆኑም በቀና ሐሳብ የተለጠፈ ሲሚንቶ ከዝናብ የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በጎንደር ቀደም ሲል በሲሚንቶ የተሠሩ ጥገናዎች በኋለኞቹ ዓመታት እየተነሡ በኖራ መተካታቸው ለዚህ ማሳያ ነው። በመዋኛው ዙሪያ በግድግዳው ላይ የተጠመጠሙት የዛፍ ሥሮችም ለጎብኚ ውበት፣ ለግንቡ ደግሞ ሥጋት በመሆናቸው ያለ ባለሙያ ምክር ሊቆረጡ አይገባም።

የላሊበላ ትምህርት

ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች በቅርስ ጥበቃ ያደረጉት ተሳትፎ በሰፊው የሚታየው በዚያው በአማራ ክልል በምትገኘው ላሊበላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተውና ዛሬ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱን ያከናወነው በላሊበላ ሲሆን፣ ሥራውን የመሩት ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ነበሩ። ከተከናወኑት ተግባራት መካከል በቀደመ ጥገና ዓለቱ ላይ የተቀባውን ሬንጅ ማስወገድ ይገኝበታል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ ዓመታት ተመልሶ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ባካሄደው ጥገና የአካባቢው ሰዎች በሙያው እንዲሠለጥኑ ተደርጓል።

በሌላ በኩል በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ ተሠርተው እ.ኤ.አ. በ2008 የተጠናቀቁት አራት መጠለያዎች አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ የታደጉ ቢሆንም፣ የምሰሶዎቹ ክብደት ዓለቱን ይጎዳል የሚል ሥጋት በሕዝቡ ዘንድ አሳድረዋል። የከተማዋ ነዋሪዎችም በ2011 ዓ.ም አደባባይ ወጥተው መፍትሔ ጠይቀዋል። ጊዜያዊ የተባለ ሥራ የሚነሣበት ቀንና ኃላፊው አካል አስቀድሞ ካልታወቀ ቅሬታው ከዓመታት በኋላ እንደሚመጣ ሁኔታው አመልክቷል።

የሕጉ ድንጋጌ

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥት ብቻ ሳይሆን በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል። ማንኛውም የእንክብካቤና የጥገና ሥራ ግን ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል። በቁፋሮ ወይም በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ለባለሥልጣኑ መገለጽ አለበት። ይህ በቅርስነት ታዋቂ ላልሆኑ ቦታዎችም ይሠራል።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ድንጋጌው ለቅርስ ተብሎ የተገኘ ገንዘብ በአብዛኛው ለቅርሱ እንዲውል ያግዛል።

ከወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚጠበቀው

ከረድኤት ድርጅት ጋር ውል ከመፈረሙ በፊት የቅርሱ ይዞታ በፎቶግራፍና በጽሑፍ ተመዝግቦ መያዝ ይኖርበታል። የደብሩ ሰበካ ጉባኤና የቀበሌው ነዋሪዎች ሐሳብ በቃለ ጉባኤ መስፈሩ፣ በሥራው ላይ የአካባቢው ግንበኞችና አናጢዎች መመደባቸው፣ እንዲሁም ድርጅቱ ከወጣ በኋላ ጣሪያውንና የውኃ መውረጃውን በየክረምቱ መግቢያ የሚያየው ሰው መታወቁም ሊረጋገጥ ይገባል።

የተዘጋ የውኃ መውረጃ መክፈት ከፍተኛ በጀት አይጠይቅም። ሳይከፈት ቀርቶ የሚፈርሰውን ግድግዳ መልሶ ማቆም ግን ከወረዳ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ በፈረሰው ግድግዳ ላይ የነበረ ጥንታዊ ሥዕልም በምንም ገንዘብ አይተካም።