ጉልቻው ሲለወጥ፦ የአዲስ አበባ ማድ ቤትና የጢሱ መውጫ

በቂርቆስ የሚገኘውን የወላጆቼን ቤት ለማደስ በተነሣን ጊዜ በባለቤቴና በእኔ መካከል ሁለት ምርጫዎች ለክርክር ቀረቡ። እርሷ የማድ ቤቱ መሥሪያ ጠረጴዛ ገጽ እብነ በረድ እንዲሆን ፈለገች፤ እኔ ደግሞ ለሳሎኑ በጋዝ የሚነድ የግድግዳ ምድጃ ተመኘሁ። ሁለታችንንም በጸጥታ ስታዳምጥ የቆየችው እናቴ ግን «ለመሆኑ ምጣዱ የት ሊቀመጥ ነው? ጢሱስ በየት ይወጣል?» ስትል ጠየቀች። ጥያቄው አስቀድሞ ከእኔ ከመሐንዲሱ ሊነሣ የሚገባው ነበርና አፈርኩ። ይህ ጽሑፍም ይኸው ጥያቄ በከተማችን ታሪክ ውስጥ እንዴት ሲታለፍ እንደኖረ ለማሳየት የቀረበ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ምድጃዋ ሦስት ጉልቻ፣ ማገዶዋ በዙሪያዋ የነበረው ደን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ደኑ ተመናመነ፤ ዳግማዊ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደረሱ። ከተማይቱን በቦታዋ ያጸናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በታላላቆች ግቢ እንጀራ ቤቱና ወጥ ቤቱ ከእልፍኙ ርቀው ለየብቻቸው ይሠሩ ነበር። የድኻው ጎጆ ግን ምድጃውን በውስጡ ያቅፍ ስለነበር ጢሱ በሣሩ ክዳን መካከል እየሾለከ ይወጣ ነበር። ቆርቆሮ ሣሩን ሲተካ ዝናቡና የእሳት አደጋው ቀነሰ፤ ነገር ግን ሣሩ ያሳልፈው የነበረውን ጢስ ቆርቆሮው አፍኖ አስቀረው። ለጢሱም ሌላ መውጫ ያበጀለት ጥቂት ነው።

ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የጣሊያንኛ አጠራር ሲሆን፣ ኢንቺስ የጣሊያን መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት ያሠራበት የነበረው ተቋም አሕጽሮት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ዘመን የተሠሩት እነዚህ ቤቶች የታቀዱት ቆሞ በአነስተኛ ምድጃ ለሚያበስል ሰው ነበር። እንጀራ ግን ስድሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ምጣድ፣ ብርቱ እሳት፣ የቡሆ ዕቃና የሚንቀሳቀሱበት ቦታ ይፈልጋል። ከነጻነት በኋላ በከተማችን የተስፋፋው ቪላ ችግሩን የፈታው ከጓሮ «ሰርቪስ» በመሥራት ነው። በአንዳንድ ቪላ የሳሎኑ ምድጃ በድንጋይ የተገነባ የጢስ መውጫ ሲኖረው፣ ቀኑን ሙሉ እሳት የማይጠፋበት የጓሮው ማድ ቤት የነበረው ከጣሪያው ሥር የቀረ ክፍተት ብቻ ነበር። በንድፉ ላይ የተከበረው እሳት እንግዳ የሚሞቀው እንጂ ቤተሰብ የሚበላበት አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ተላለፉ። በቂርቆስና በካዛንቺስ መንደሮችም በአንድ ማድ ቤት ብዙ አባወራ ተራ እየጠበቀ መጋገሩ የተለመደ ሆነ። የማንም ያልሆነውን ግድግዳ ለማደስና ለጢሱ መውጫ ለመሥራት የሚተጋ ብዙ አልተገኘም።

መፍትሔ ጨርሶ አልታጣም። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ኤሌክትሪክ እየተስፋፋ ሄደ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም ጢሱን ከብዙ ቤት አስወጣ። በ1980ዎቹም ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው «ምርት» ምድጃ ማገዶን በግማሽ ያህል እንደሚቆጥብ ታየ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተስፋፉት ኮንዶሚኒየሞችም እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ ቤት በዕቅድ ተካተተ። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ መንደሮች ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ግን ከቤቶቹ ጋር የጓሮው ማድ ቤትም ሄደ። ነዋሪው ምጣዱን ተሸክሞ ወደ ፎቅ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ወደ ምርጫችን ተመለስኩ። እብነ በረድ በባሕርዩ ከኖራ ድንጋይ ወገን ስለሆነ ሎሚና የቡሆ እርሾ ይበሉታል፤ እርድም ያቀልመዋል። ግራናይት አሲድን የተሻለ ይቋቋማል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ እስከ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል የሚደርስ ኃይል ስለሚወስድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ስለሆነም የራሱ መሥመር ያስፈልገዋል። የጋዝ ምድጃውን በተመለከተም ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለቆላ አገር የተስተካከለ ማቃጠያ በዚህ ከፍታ በሚገባ አይነድም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም ያመነጫል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ ተኝቶ የቀረውን ሰው የገደለው ይኸው ጋዝ ነው። ከሲሊንደር ያመለጠ ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ተኝቶ ክብሪት ይጠብቃል።

የግድግዳውን ምድጃ ተውነው። በገንዘቡ ለማድ ቤቱ እስከ ጣሪያ በላይ የሚደርስ የጢስ መውጫ፣ ለምጣዱም የራሱን መሥመር አሠራን፤ መብራት በጠፋ ቀን የሚነድ «ምርት» ምድጃም በሥሩ ተተከለ። ከፍታው የተለካው በእናቴ ቁመት ነው። ለጠረጴዛው ግራናይት ተመረጠ፤ ለሳሎኑ ብርድ ጋቢ ይበቃል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ አበው። ስለ ወጡ እውነታቸውን ነው። ስለ ወጥ ሠሪዋ ዓይንና ሳንባ ግን ጉልቻው ብዙ ይለውጣል፤ እኛም ንድፍ ስንነድፍ ከሳሎኑ በፊት የእርሷን ቦታ ልንለካ ይገባናል።