ከውሃው ወለል በታች፦ ፎቶግራፍና የሐይቅ ፍጥረታት

የሰው ልጅ የሐይቅንና የወንዝን ፍጥረታት ለብዙ ዘመናት ያወቃቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ዓሣ አጥማጁ በመረቡ፣ ተመራማሪው በአልኮል በሞላው ብልቃጥ፣ ሠዓሊው ቀለሙ በደበዘዘው በድን አማካይነት ተዋውቋቸዋል። አንበሳና ዝሆን በሜዳ ሲሄዱ ስለሚታዩ ተቆርቋሪ አላጡም። በደፈረሰ ውሃ ሥር የሚኖረውን ዓሣ ግን በሕይወት ያላየው ሰው ሲጠፋ ሊያዝንለት አልቻለም። የውሃ ውስጥ ፎቶግራፍ ታሪክ መመርመር የሚገባው ከዚህ አንጻር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የተደረጉት በባሕር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ቶምሰን የተባለ እንግሊዛዊ በዌይማውዝ አጠገብ ካሜራውን በሣጥን አሽጎ ከጀልባ ላይ ወደ ባሕሩ አወረደው። ውሃ ወደ ሣጥኑ ዘለቀ፤ የተገኘውም ምስል ብዥ ያለ ጥላ ነበር። ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሉዊ ቡታን እ.ኤ.አ. በ1893 የጠላቂ ልብስ ለብሶ ራሱ ወረደ፤ ወንድሙ በነደፈው ሣጥን እየተጠቀመም አንዱን ምስል ለማግኘት እስከ 30 ደቂቃ ድረስ መታገሥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1926 ዊልያም ሎንግሊና ቻርልስ ማርቲን በፍሎሪዳ ደሴቶች አጠገብ በውሃው ላይ የማግኒዥየም ዱቄት እያቀጣጠሉ የመጀመሪያዎቹን ባለ ቀለም የውሃ ውስጥ ፎቶግራፎች አነሱ። ሎንግሊ በዚሁ ዱቄት ክፉኛ ተቃጥሏል።

ጨው አልባው ውሃም የራሱን ሰው አላጣም። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጄኮብ ሬይጋርድ እ.ኤ.አ. በ1908 የውሃ እንስሳትን በተፈጥሮ መኖሪያቸው ፎቶግራፍ ስለማንሳት ጽሑፍ አሳተመ። ይሁን እንጂ ዝናው ሁሉ የባሕር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1956 የዣክ ኢቭ ኩስቶ ፊልም በካን ከፍተኛውን ሽልማት ሲያገኝ፣ ሕዝብ በሲኒማ አዳራሽ ተቀምጦ ያደነቀው የውቅያኖስን ዓለም ነበር። ለኩስቶ ጓዶች ተብላ ከተሠራችው ካሊፕሶ የመነጨችው ኒኮኖስ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ ስትቀርብ ከባድ ሣጥን መሸከም ቀረ። የወንዙ ችግር ግን አልቀረም፤ ደለልና የበሰበሰ ቅጠል ባጠቆረው ውሃ ፎቶ አንሺው በሰፊ ሌንስ ተጠቅሞ ከዓሣው አፍንጫ ሥር መድረስ ግድ ይሆንበታል።

ውሃው ጥሩ በሆነበት ስፍራ ምን ሊደረግ እንደሚቻል የሚያሳየው የማላዊ ሐይቅ ነው። በዚህ ሐይቅ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ የሲክሊድ ዓሣ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ አብዛኞቹ በሌላ በየትም የምድር ክፍል አይገኙም። በዓለት መካከል የሚኖሩት የአሸዋውን ሜዳ አቋርጠው ስለማይሄዱ፣ የአንዱ ዓለት ነዋሪ ከጎረቤቱ በቀለም ይለያል። ያ ቀለም ደግሞ ዓሣው ሲሞት ይደበዝዛል። ስለዚህ ትውልደ ሆላንዳዊው አድ ኮኒንግስ ካሜራ ይዞ መጥለቁ ለሳይንስም የግድ ያስፈልግ ነበር። ወንዱ ድንበሩን ሲጠብቅ፣ እናቲቱ ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስትዞር የሚያሳዩት መጻሕፍቱ በሩቅ አገር ያሉ አንባቢዎችን የሐይቁ ወዳጅ አደረጓቸው። የማላዊ ሐይቅ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1980 ተመሠርቶ በ1984 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ ግን አንድ መራራ ቅራኔ አለ። ኮኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1990 ለሳይንስ የገለጸው፣ ወንዱ ሰማያዊ ሴቷ ቢጫ የሆነችው ሳውሎሲ የተባለ ዓሣ በቺዙሙሉ ደሴት አጠገብ በሚገኝ በአንድ ዓለት ላይ ብቻ ይኖራል። ውበቱ ሲታወቅ ፈላጊው በዛ፤ በየሳሎኑ የመስተዋት ገንዳ እንዲያጌጥ እየተለቀመ ሄደና በመጨረሻ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዘገበ። ምስል ፍቅርን እንደሚጠራ ሁሉ ገበያንም ይጠራል። በኋላ ዓሣውን ወደ ዓለቱ የመመለስ ጥረት ተጀመረ፤ ኮኒንግስና ጓደኞቹም በፓርኩ ክልል በሌሊት የሚጣለውን መረብ የሚይዙ መሰናክሎችን በሐይቁ ወለል ላይ ማኖር ያዙ። ካሜራው ብቻውን እንደማይበቃ ከማንም በፊት የተረዳው ባለ ካሜራው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ ሪፖርት፣ ክትትል የሚደረግባቸው የጨው አልባ ውሃ እንስሳት ስብስቦች ከ1970 እስከ 2020 ባለው ጊዜ በአማካይ በ85 ከመቶ እንዳነሱ ይገልጻል። አኃዙ አስደንጋጭ ነው፤ ግን አኃዝ ፊት የለውም።

ጣናም የራሱ ተአምር አለው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፕል በ1830ዎቹ የጀመረውን ጥናት ሆላንዳውያኑ ናጌልኬርኬና ሲቢንግ በ1990ዎቹ ሲያጠናክሩት፣ በሐይቁ ውስጥ 15 ያህል የላቤኦባርበስ ዝርያዎች እንዳሉ ታወቀ። አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም የሉም። ነገር ግን ከተሸረሸረው ማሳ የሚታጠበው አፈር ሐይቁን ስለሚያደፈርሰው፣ በማላዊ የተሠራውን በጣና መድገም አይቻልም። ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራና ርብ መሰል ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። በወንዝ አፍ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ያመለጡትም እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለበት፣ ፈጣንና ጥርት ባለ ውሃ ነው። አሸዋና ጠጠሩ ደግሞ ለግንባታ ይዛቃል። ካሜራ መግባት የሚችለው እዚያ፣ ከጉልበት በማይበልጠው ውሃ ውስጥ፣ ጠጠሩ ገና ሳይነሳ ነው።