ሴባስቶፖልን የሚያነሳ ሽቦ

አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በእኛው በዋድላ በኩል ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ በገመድና በሰው ጉልበት!

ኮን ላይ ሆኜ የመብራት መስመር ባየሁ ቁጥር ያ ገመድ ትዝ ይለኛል። ባለሙያዎች «ዜብራ» የሚሉት የከፍተኛ ኃይል ሽቦ አለ። ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ለመበጠስ ግን 13 ቶን ያህል ጉተታ ይፈልጋል። ሴባስቶፖልን አንጠልጥሎም ይተርፈዋል ማለት ነው። እንዴት? ዙሪያውን 54 የአሉሚኒየም ክሮች፣ መሃሉን 7 የብረት ክሮች ናቸው። ኤሌክትሪኩን የሚያመላልሰው አሉሚኒየሙ ነው፤ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉ ግን የእነዚያ የ7ቱ ነው።

በ2014ቱ ጦርነት መስመር ተበጥሶ ስንት ወር በጨለማ እንደከረምን የምታውቁት ነው። እንዲህ ያለው ሽቦ ሲጠገን አሉሚኒየሙን ብቻ መቀጠል አይበቃም። የመሃሉ ብረት ለብቻው በብረት ቱቦ ተጨምቆ ካልተያያዘ መብራቱ ይመጣል፤ ኃይለኛ ነፋስ የመጣ ቀን ግን ሽቦው ተመልሶ መሬት ነው።