ተራ የማይጠበቅበት ሰንጠረዥ

ስድስት ኪሎ ዶርም ያደረ ሰው ዳማን አይረሳም። ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ ሰሌዳ፣ የአንዱ የተገለበጠ የሌላው የተደፋ ቆርኪ፣ ዙሪያውን የከበበ ያልተጠየቀ አማካሪ። እኛ ክፍል አንድ በጣም የሚያስብ ልጅ ነበር። አንድ ማታ ተራው ደርሶ ሲቆዝም ትዕግሥቴ አለቀና «አቦ ለምን ተራ እንጠብቃለን? ሁለታችንም እኩል እንጫወት!» አልኩ።

ያን ሌሊት አዲስ ጨዋታ ለመፍጠር ተቀመጥን። ያሰብነው ጨዋታ ዕጣና ዳይስ የሌለው፣ በሐሳብ ብቻ የሚሸነፉበት፣ ግን ተራ የማይጠበቅበት ነበር። አምስት ደቂቃም አልቆየ። ሁለት ቆርኪ አንድ ቤት ላይ ገባ፤ «ቀድሜያለሁ!» «አልቀደምክም!» ተባባልን። ዳኛ ብናቆም ዳኛው ሁለት እጅ በአንድ ዓይን ማየት አቃተው። መጨረሻ ላይ ቆርኪው ተበተነ፣ እኔና ያ ልጅ ተኳረፍን።

መልሱ የተገኘው በዓመቱ ነው፤ ያውም ለሌላ የቤት ሥራ ፍለጋ ላይ ሳለሁ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት፣ ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና አጨዋወት የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1971 በተቋሙ መጽሔት ታትሟል። እኛ ከዶርም የምንፈልገው ነገር ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ መደርደሪያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሰንጠረዥ የቼዝ ዘመድ ነው፤ ስሙም ከፋርስና ከዐረቡ ሻትራንጅ የመጣ ነው። የሚጫወቱት ጥቁርና ነጭ ባልተቀለመ ስምንት በስምንት ሰሌዳ ላይ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ሰሌዳው መስመር የወጣበት ጨርቅ ነው። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ አሉት። እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሰሌዳውን የምታካልል የለችም፤ ፈርዝ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፣ ፊል በሰያፍ አንድ ቤት ይዘላል፣ መደቅም ሲነሳ ሁለት ቤት አይራመድም።

እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ግን የአጀማመሩ ሕግ ነው። ጨዋታው ሲከፈት ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል እየተንቀሳቀሱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ የባላጋራን አሰላለፍ አይቶ የራስን መልሶ ማስተካከልም ይፈቀዳል። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ይቀጥላል፤ ከተበላ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል።

የእኛ ሌሊት የፈረሰበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። ያለ ተራ የሚጫወቱት ጨዋታ ሦስት ጠላት አለው፦ የእጅ ፍጥነት፣ «ማን ቀደመ» የሚለው ጭቅጭቅ፣ ማብቂያ ማጣት። ወረራ ሦስቱንም ያለ ሰዓትና ያለ ዳኛ ይገታቸዋል። መመለስ ስለሚቻል የቸኮለ ብዙ አያተርፍም። መብላት እስኪጀመር ድረስ ደግሞ የሚያጣላ ነገር ጥቂት ነው። ማብቂያውም በተጫዋቹ እጅ ነው፤ የመጀመሪያውን ጠጠር የሚበላ ሰው «በቃ፣ አሁን እናስብ» ማለቱ ነው። የወረራ ጥበብ እንግዲህ ይህችን ቅጽበት መምረጥ ነው።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሕንጣሎ ላይ ራስ ወልደ ሥላሴን ከመኳንንቱ መካከል ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል። ጠጠሮቹ ትልልቅ የዝሆን ጥርስ ነበሩ፤ ሲበላም በኃይል መትተው ከቦታው ያነሱታል። በዙሪያው ያለው ሁሉ፣ አገልጋዩ ሳይቀር፣ እየጮኸ ሐሳብ ይሰጣል። የዶርሙ አማካሪ አያት ቅድመ አያት አለው ማለት ነው! ያ ምትም ለእኔ ጌጥ ብቻ አይመስለኝም። ሁለት ሰው እኩል በሚንቀሳቀስበት ሰሌዳ ላይ ወረራው ማብቃቱን ሁሉም መስማት አለበት።

ዘግይተው የመጡ የውጭ ፈጣሪዎች በሌላ መንገድ ሄደዋል። በፒራሚድ ጠጠሮች የሚጫወቱት የአሜሪካኖቹ «አይስሃውስ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተራ የለውም። በኮምፒውተር የመጣው «ኩንግ ፉ ቼዝ» ደግሞ የተንቀሳቀሰ ጠጠር ለጥቂት ሰከንድ እንዲያርፍ ያስገድዳል፤ ፍጥነትን የሚገታው ማሽኑ ነው። የእኛዎቹ ይህንኑ በአንድ የስምምነት ሕግ ጨርሰውታል።

ፓንክረስት እንደሚሉት ሰንጠረዥ የጠፋው ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። አጋጣሚው ይከነክናል፦ በወረራ የሚጀምር ጨዋታ ከወረራ በኋላ ጠፋ። ዛሬ «ሰንጠረዥ» ስንል ቁጥር የሚሞላበት ረድፍና ዓምድ ነው። መምህራኖቻችን በየሳምንቱ ሰሌዳ ላይ ይሠሩታል፣ እኛም በየቢሯችን እንሞላዋለን፤ ቤቶቹ አሉ፣ ተጫዋቾቹ የሉም።

ስለዚህ ለኮምፒውተርና ለሒሳብ ክፍል መምህራን አንድ ልመና አለኝ፦ ተማሪ ጨዋታ ንደፍ ሲባል ከውጭ ናሙና በፊት ወረራን አሳዩት። ጽሑፉ እዚሁ ግቢ አለ።

እኔ በበኩሌ ለመገናኛችን ቀን መስመር ያወጣሁበት ቀይ ጨርቅ ይዤ እመጣለሁ። ቆርኪው ላይ ንጉሡንና ፈረሱን በማርከር እንጽፋለን። ያ ያኮረፈኝ ጓደኛዬ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ። ማን እንደቀደመ እስካሁን አልተስማማንም፤ በዚህኛው ሕግ ግን መመለስ ይቻላል።